መሬት ሐሙስን ታውቀዋለች



በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌና በዶፈን አካባቢ መሬት አልረጋ ባለች ጊዜ ብዙዎቻችሁ በውስጥ መስመር "ቲቸር፣ ጅማስ ያሰጋታል ወይ?" ብላችሁ ጠይቃችሁኝ ነበር። በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ቀዬውን ለቆ ወጥቷል፤ የካቲት 7 ቀን ደግሞ በሬክተር ስኬል 6.0 የተለካው መጣ። መጨነቃችሁ ተገቢ ነበር። እኔ ግን የታሪክ መምህር ነኝ፤ መሬት ነገ ምን እንደምታደርግ መናገር ሙያዬ አይደለም። ሙያዬ "ይህን ማን መዘገበው? በምን መዘገበው? ምንስ ሳይመዘግብ ቀረ?" ብሎ መጠየቅ ነው። ስለዚህ ስለ መዝጋቢው መሣሪያ ማንበብ ጀመርኩ። እዚያ ያገኘሁትን ነው ዛሬ የማካፍላችሁ። ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ።

የመሬት መንቀጥቀጥ መመዝገቢያው መሣሪያ ሳይስሞሜትር ይባላል። ሌት ተቀን አያርፍም። ትልቅ መንቀጥቀጥ ግን በየሰዓቱ አይመጣም። ታዲያ በቀረው ጊዜ ሁሉ ምን ሲጽፍ ይውላል? የባሕር ማዕበል፣ የነፋስ ግፊትና የኛን የሰዎችን እንቅስቃሴ ይጽፋል። ባለሙያዎቹ ይህን ሁሉ በአንድ ቃል "ጫጫታ" ይሉታል።

በቀላሉ ለመረዳት ቡና ሲወቀጥ አስቡ። እናታችሁ ጓዳ ሆነው በሙቀጫ ሲወቅጡ ሳሎን ረከቦት ላይ ያለው ስኒ ውስጥ ትንንሽ ሞገድ ታያላችሁ። ዘነዘናው መሬቱን መታ፣ መሬቱ ንዝረቱን አሻገረ፣ ስኒው ተቀበለ። በሰከንድ ሁለቴ ቢወቅጡ ያ 2 ኸርዝ ነው። ሳይስሞሜትር ማለት ከዚያ ስኒ እጅግ በጣም የሚበልጥ ስሜት ያለው ስኒ በሉት። እግረኛው፣ ባጃጁ፣ ወፍጮ ቤቱ፣ የቡና መፈልፈያው፣ ጭነት የያዘው አይሱዙ ሁሉም ይወቅጡታል።

የሰው ጫጫታ በአብዛኛው ከ1 ኸርዝ በላይ ነው። ከዚያ በታች ያለው ዝግ ያለ ንቅናቄ የተፈጥሮ ድርሻ ነው፤ ዋናው የውቅያኖስ ማዕበል ነው። ጣሊያናዊው ቄስ ቲሞቴዎ በርቴሊ በ1870ዎቹ እ.ኤ.አ. ፍሎረንስ ላይ የተንጠለጠለ ፔንዱለም እየተመለከተ፣ ምንም መንቀጥቀጥ በሌለበት ጊዜ እንኳ መሬት እንደማታርፍ ካስተዋሉት ቀደምት ሰዎች አንዱ ነው። ከባሕር በመቶዎች በሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቀን የምንኖር የጅማ ሰዎች የቆምንበት መሬት በውቅያኖስ ማዕበል ምክንያት በየጥቂት ሰከንዱ ብድግ ዝቅ ይላል። እኛ አይሰማንም፤ መሣሪያው ግን ይሰማዋል።

እንግዲህ የተፈጥሮውና የሰው ጫጫታ አንድ ትልቅ ልዩነት አላቸው። ማዕበል እሑድን አያውቅም። የሰው ጫጫታ ያውቃል። ንጋት 12 ሰዓት ላይ ይነሳል፣ ቀን ይበረታል፣ ሌሊት ይተኛል። በሥራ ቀን ይጨምራል፣ በዕረፍት ቀን ይቀንሳል፣ በበዓል ይወርዳል። ማለትም የቀን መቁጠሪያ አለው። የቀን መቁጠሪያ ያለው ነገር ሁሉ ደግሞ የታሪክ መምህርን ጆሮ ያስቆማል።

እስቲ ወደ አገራችን እንምጣ። መሣሪያው ከመግባቱ በፊት የኢትዮጵያ የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ የተጻፈው በሰው ብዕር ብቻ ነው። በ1835 ዓ.ም. አንኮበር ላይ የደረሰውን መንቀጥቀጥና የመሬት መንሸራተት በዝርዝር የምናውቀው በዚያው ሰሞን የእንግሊዝ መልእክተኞች ሸዋ ስለነበሩ ጭምር ነው። ነሐሴ 19 ቀን 1898 ዓ.ም. ከላንጋኖ አካባቢ የተነሳው ትልቅ መንቀጥቀጥም አዲስ አበባ ስለተሰማ፣ አዲስ አበባ ደግሞ ጸሐፊዎችና ኤምባሲዎች ስለነበሩባት ዝርዝሩ ተጻፈ። በዚያው ዘመን ጌራ ወይም ጎማ ላይ አንድ ጎጆ ቢናወጥ ማን ይጽፈዋል? ስለ ጊቤ መንግሥታት በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከተጻፈው ብዙው እንደ አንቶኒዮ ቼኪና ዡል ቦሬሊ ያሉ አልፎ ሂያጆች የጻፉት ነው። እነሱ በሌሉበት ዓመት መሬቱ ዝም ያለ ይመስላል። መሬቱ ግን ዝም አላለም፤ ጸሐፊ ነው የጠፋው።

ይህን ክፍተት ለመሙላት ብዙ የደከመ ሰው አለ። አባ ፒየር ጉዋን ይባላል፤ ካናዳዊ የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ነበር። በ1957 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ሲታወጅ በያኔው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ አቋቋመ። ኦብዘርቫቶሪው መጀመሪያ የተፈለገው ለመግነጢስ ጥናት ነበር፤ አዲስ አበባ ለመሬት መግነጢሳዊ ወገብ ቅርብ ናትና። የመሬት መንቀጥቀጡ ሥራ ተከትሎ መጣ። አባ ጉዋን ከዜና መዋዕል፣ ከተጓዦች ጽሑፍና ከመሣሪያ መዝገብ ሰብስቦ በ1979 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ መጽሐፍ እስካሁን ባለሙያዎች የሚጠቅሱት ነው። ልብ በሉ፣ አንድ የጂኦፊዚክስ ሰው ሥራው ሲገፋ የታሪክ ሰው ሆነ። እኔ ደግሞ በተቃራኒው መንገድ እየመጣሁ ነው።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. አራት ኪሎ ላይ አዲስ መሣሪያ ተተከለ። ምክንያቱ ቀዝቃዛው ጦርነት ነበር። አሜሪካ ሶቪየት ኅብረት ከመሬት በታች የምታፈነዳውን ኒውክሌር መለየት ስለፈለገች በ60 ገደማ አገሮች 120 ያህል አንድ ዓይነት ጣቢያዎችን ዘረጋች። የአዲስ አበባው ጣቢያ ከነዚህ አንዱ ነበር። የቦምብ ጆሮ ሆኖ የመጣው መሣሪያ የኛን ስምጥ ሸለቆ ማዳመጥ ጀመረ። በ1961 ዓ.ም. የአፋሯ ሰርዶ ከተማ ስትፈርስ አገር ውስጥ የሚሰማ ጆሮ ነበረን ማለት ነው።

ችግሩ አራት ኪሎ አራት ኪሎ መሆኑ ነው። በዚያ ዘመን መሣሪያ፣ ጣቢያው ያለበት ቦታ ጫጫታ ከበዛ የማጉያውን መጠን ዝቅ ማድረግ ግድ ነበር፤ አለዚያ ወረቀቱ በሙሉ በአውቶቡስና በሰው ኮቴ ይጨማለቃል። ማጉያው ሲቀንስ ደግሞ ትንንሾቹ መንቀጥቀጦች አብረው ይጠፋሉ። ገበያ መሐል ቆሞ ሹክሹክታ ለመስማት እንደመሞከር ነው። ከተማ ባደገ ቁጥር ጣቢያው እየደነቆረ ይሄዳል።

በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ሌላ ጣቢያ ከአዲስ አበባ ደቡብ ምዕራብ ፉሪ ተራራ ላይ ተተክሎ የዓለም አቀፉ የጣቢያዎች መረብ አካል ሆነ። ከከተማው ጫጫታ ራቅ ያለ ቦታ ነበር። ዛሬ ግን ፉሪ የሸገር ከተማ አንድ ክፍለ ከተማ ስም ነው። ከተማው ጣቢያውን ተከትሎ መጣ። የአዲስ አበባን መስፋፋት በካርታ ለማሳየት ብዙ ጊዜ እደክማለሁ፤ ይህች አንድ ታሪክ ግን ለተማሪ ሁሉንም ትነግረዋለች።

የሰው ጫጫታ ምን ያህል እንደሆነ ዓለም በትክክል ያወቀው ጫጫታው ሲቆም ነው። 2012 ዓ.ም. ታስታውሳላችሁ። መጋቢት 4 ቀን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አገራችን ውስጥ ተገኘ፤ መጋቢት 7 ቀን ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በዚያው ሰሞን ብራስልስ ውስጥ፣ በቤልጂየም ሮያል ኦብዘርቫቶሪ የሚሠራው ቶማ ለኮክ የከተማው የመሬት ጫጫታ በአንድ ሦስተኛ ገደማ መውረዱን አየ። የተጠቀመበትን የኮምፒውተር ፕሮግራም ለሁሉም ክፍት አደረገ፤ ከየአገሩ ባለሙያዎች ተሰባሰቡ። በሐምሌ 2012 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ ባወጡት ጥናት በ117 አገሮች ያሉ 268 ጣቢያዎችን አዩ፤ በ185ቱ ላይ ጫጫታው በግልጽ ቀንሷል። አንዳንድ ቦታ እስከ ግማሽ ወርዷል። መሣሪያ ከተተከለ ወዲህ በሰው ልጅ ጫጫታ ላይ እንዲህ ያለ ረጅምና ሰፊ ዝምታ ታይቶ አያውቅም ብለው ጻፉ።

ከጥናቱ ሁለት ነገር ላንሳላችሁ። አንደኛ፣ በዚያ ዝምታ ውስጥ ሜክሲኮ ላይ በሬክተር 5.0 የሆነ መንቀጥቀጥ ደረሰ፤ 380 ኪሎ ሜትር ርቃ ያለች የቄሬታሮ ከተማ ጣቢያ ያለ ማጣሪያ በግልጽ አየችው። በሌላ ጊዜ ቢሆን የከተማው ጫጫታ ይውጠው ነበር። ሁለተኛ፣ መዝገቡ ላይ በዓላት ይታያሉ። በፈረንጆቹ ገናና አዲስ ዓመት መካከል መስመሩ ዝቅ ይላል፤ የቻይና የጨረቃ አዲስ ዓመትም እንዲሁ።

ኳስ ወዳጆች ደግሞ ይህችን ስሙ። ባርሴሎና ውስጥ ከካምፕ ኑ 500 ሜትር ያህል ርቆ ባለ አንድ የምርምር ተቋም ምድር ቤት ሳይስሞሜትር አለ። ጆርዲ ዲያዝና ባልደረቦቹ በ2017 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት የሜትሮው ባቡር፣ የመንገዱ መኪና፣ የኮንሰርቱ ጭፈራና የባርሳ ጎል በመዝገቡ ላይ ተለይተው እንደሚታዩ አሳይተዋል። ጎል ሲገባ ሕዝቡ ይዘላል፤ መሬት ትጽፋለች። ጎሉን ማን እንዳገባው ግን አትጽፍም።

አሁን ወደ ጅማ።

የጅማን ታሪክ ያስተማርኳችሁ ልጆች ታስታውሳላችሁ፤ ሂርማታን ሳልጠራ ምዕራፉን አልጀምርም። የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ጂሬን ላይ ነው፤ የአገሩ ልብ ግን ሂርማታ ገበያ ነበር። ሐሙስ ሐሙስ ከከፋ፣ ከሊሙ፣ ከጌራ፣ ከኩሎ ኮንታ ሰው ይመጣል። የሲራራ ነጋዴው በቅሎውን ጭኖ በጊቤ አድርጎ ወደ ጎጃምና ወደ ሸዋ ይወጣል። ታሪክ የንጉሡን ስም፣ የግብሩን ልክ፣ የዘመቻውን ዓመት ጻፈልን። ቡናውን ተሸክማ በእግሯ ስለመጣችው ሴት ማን ጻፈ? እርምጃዋ ከሂርማታ መሬት ውስጥ ገብቶ ጠፋ።

ከዚያ ጣሊያን መጣ። አዲስ አበባን ከጅማ የሚያገናኘውን 350 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ በመኪና አስኬደው፤ ከተማውን ከጂሬን ሥር ዘረጋው። ጫጫታው ከኮቴ ወደ ካሚዮን ተቀየረ። ካሚዮን ሲያልፍ የሚፈጥረው ንዝረት ከበቅሎ ጋር አይወዳደርም፤ ርቆም ይሄዳል። ቀጥሎ አይሱዙ መጣ፣ ከዚያ ባጃጅ መጣ፣ ከዚያ ሕዝቡ በአደጋው ብዛት "ቀይ ሽብር" ብሎ የሰየመው ሲኖትራክ መጣ። እሸት ቡና የሚፈለፍሉ ማጠቢያ ጣቢያዎች በየወንዙ ዳር ተተከሉ፤ ጀንፈል የሚቀሽሩ ማሽኖች በየከተማው ቆሙ። የምርት ገበያው ቡናን መቀበል ሲጀምር በ2001 ዓ.ም. የአካባቢው ቡና በመኪና ተጭኖ ወደ ጅማ መጋዘን መሰብሰብ ያዘ። እያንዳንዱ ለውጥ በመሬት ላይ አዲስ የአረጋገጥ ዓይነት ነው።

ከዚህ ተነስተን የጅማ መሬት ዓመቷን እንዴት እንደምታሳልፍ ማሰብ እንችላለን። ሐሙስ ከሌላው ቀን ከፍ ይላል። ዓርብ እኩለ ቀን የጁምዓ ሰላት ሰዓት ላይ ለአጭር ጊዜ ዝቅ ይላል። በረመዳን ቀኑ ቀዝቀዝ፣ ምሽቱ ሞቅ ይላል። በኢድ፣ በመስቀልና በፋሲካ ጠዋት ይወርዳል። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ፣ ቡና ሲለቀም፣ አጋሮ መንገድ ላይ ሌሊት የሚጓዘው መኪና ይበዛል። በክረምቱ ወራት ወንዞቹ ሲሞሉ የውኃው ግፊት ራሱን የቻለ ንዝረት ይጨምራል። ይህ የኔ ግምት ነው፤ ከብራስልስና ከባርሴሎና ከተገኘው ተነስቶ የተገመተ። ግምት ደግሞ ሊፈተን ይገባዋል።

በትንሹ ፈትነነዋል። ከተማሪዎቼ ጋር ፋይፎክስ የሚባል ነፃ አፕ ስልክ ላይ ጭነን ወደ አንድ ወፍጮ ቤት ሄድን። ስልክ ውስጥ እንቅስቃሴ የሚለካ ትንሽ መሣሪያ አለ፤ ከሳይስሞሜትር ጋር ባይወዳደርም ከወፍጮ ቤት ግድግዳ ሥር ሲቀመጥ በደንብ ይሠራል። ስልኩን ወለሉ ላይ አስቀመጥን። ወፍጮው ሲዞር መስመሩ ተንቀጠቀጠ፤ እህል ሲጨመር ቅርጹ ተለወጠ፤ ወረፋው ሲያልቅና ባለቤቱ ሲያጠፋው ቀጥ አለ። መሐል ላይ ድንገት መስመሩ ቀጥ ሲል ልጆቹ "ቲቸር፣ አፑ ተበላሸ" አሉኝ። አፑ ደህና ነበር፤ መብራት ጠፍቶ ነው። እኔም "በሉ ሰዓቱን ጻፉ፣ ይኼም የጅማ ታሪክ ነው" አልኳቸው። ሳቁ፤ ግን ጻፉ።

አሁን ደግሞ ይህን ሁሉ እንድጽፍ ያነሳሳኝን ልንገራችሁ።

ከ2000 እስከ 2002 እ.ኤ.አ. ድረስ፣ በኛ ከ1992 እስከ 1994 ዓ.ም. ማለት ነው፣ የአሜሪካው ፔን ስቴት ዩኒቨርሲቲና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች በኢትዮጵያ ከ20 በላይ ጊዜያዊ ጣቢያዎችን ተከሉ። ዓላማቸው ከስምጥ ሸለቆውና ከደጋው በታች፣ በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ጥልቀት ያለውን ማየት ነበር። ለዚያ የፈለጉት ከሩቅ አገር የሚመጣ ትልቅ መንቀጥቀጥ ነው። ከጣቢያዎቹ አንዱ ጅማ ነበር። መዝገቡ አይሪስ በተባለው፣ ዛሬ ኧርዝስኮፕ በሚባለው ማኅደር ተቀምጧል፤ ማንም ሰው በነፃ ሊያወርደው ይችላል።

እነዚያን ዓመታት ከቡና አንጻር አስታውሷቸው። ዓለም አቀፉ የቡና ስምምነት የኮታ ሥርዓት በ1989 እ.ኤ.አ. ፈረሰ። ቬትናም በብዛት ማምረት ጀመረች። ዋጋው ወርዶ ወርዶ በ2001 እ.ኤ.አ. በፓውንድ ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ሆነ። በኛ አካባቢ ያኔ ልጅ የነበርን ሁሉ እናስታውሳለን፤ ቡና ለቅሞ ለመሸጥ የወጣው ጉልበት ዋጋውን አይመልስም ነበር። በብዙ ቦታ ገበሬ ቡናውን ነቅሎ ጫት ተከለ። ደብተርና የደንብ ልብስ መግዛት ያቃታቸው ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ከትምህርት አስቀሩ። የኦሮሚያ የቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ዩኒየን በ1999 እ.ኤ.አ. ተመሥርቶ ገበሬው ቡናውን ራሱ ወደ ውጭ እንዲልክ መሞከር የጀመረውም በዚሁ ቀውስ መሐል ነው።

አያችሁ? ጅማ በቅርብ ታሪኳ ከገጠሟት ክፉ ዓመታት በአንዱ፣ ከመሬቷ ውስጥ በሰከንድ ብዙ ጊዜ የሚጽፍ ጸሐፊ ተቀምጦ ነበር። ማንም ለዚያ ብሎ አላስቀመጠውም። ሐሙስ ገበያው ቀዝቅዞ ከሆነ፣ የኅዳርና የታኅሣሥ የሌሊት መኪና ቀንሶ ከሆነ፣ እዚያ መዝገብ ላይ ምልክቱ ሊኖር ይችላል። የመጋዘን ሰነድ ሊቃጠል ይችላል፤ የቀረጥ ደብተር ሊጠፋ ይችላል፤ ሰው ይሞታል፤ ትዝታም ይቀያየራል። ይህ ግን ተቀምጧል።

"ጫጫታ ምን ይረባል" የሚል ካለ አንድ ማስረጃ ልጨምር። ከ2005 እ.ኤ.አ. ገደማ ጀምሮ ባለሙያዎች ከተፈጥሮ ጫጫታ ራሱ የመሬትን ውስጥ ሥዕል ማውጣት ተምረዋል፤ የሁለት ጣቢያዎችን ጫጫታ ለረጅም ጊዜ እያነጻጸሩ ማለት ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት በዚሁ ዘዴ ከዋናው የኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ሥር ያለው የመሬት ቅርፊት ተጠንቷል። ትናንት ተጣርቶ የሚጣል የነበረው ዛሬ ዋና ምንጭ ሆነ። ታሪክም ውስጥ እንዲሁ ነው። የነጋዴ ደረሰኝ፣ የሠርግ ዘፈን፣ የእድር መዝገብ ድሮ "ይኼ ምንጭ አይደለም" ይባል ነበር።

እዚህ ላይ ግን ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ የምሰጠውን ማስጠንቀቂያ ልስጥ። ምንጭ ብቻውን አይናገርም። 2012ን እንደገና አስቡት። በመጋቢት መጨረሻ በክልላችን የከተማ ለከተማ የሕዝብ ማመላለሻ ለጊዜው ሲቆም መናኸሪያው ጭር አለ። ከሦስት ወር በኋላ፣ ሰኔ 22፣ ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ተገደለ፤ ኢንተርኔት ለሳምንታት ተዘጋ፤ ከተሞቻችን በሐዘንና በፍርሃት እንደገና ጭር አሉ። ከዚያ ደግሞ አረፋ መጣ፤ መንገዱ በበዓል ምክንያት ጭር አለ። ለመሣሪያው ሦስቱም አንድ ናቸው፤ መስመሩ ወረደ ብሎ ይጽፋል። የበሽታን ዝምታ፣ የሐዘንን ዝምታና የበዓልን ዝምታ የሚለየው ያየ ሰው ነው። ስለዚህ የመሬቱን መዝገብ ከአዛውንት ትዝታ፣ ከጋዜጣና ከደብተር ጋር አጠጋግቶ ማንበብ የግድ ነው። ሌላም አለ፤ ጣቢያው ከመንገድ ምን ያህል ይርቃል፣ መሣሪያው በመካከል ተበላሽቶ ቆሞ ነበር ወይ የሚለውን አስቀድሞ ማጣራት ያስፈልጋል። ጥሩ ሰነድ ሲያገኝ የሚደነዝዝ ሰው ታሪክ አይጽፍም።

"እሺ ቲቸር፣ ታዲያ ጅማስ ያሰጋታል ወይ?" ወደሚለው ልመለስ። የማውቀውን ብቻ ልንገራችሁ። ታኅሣሥ 10 ቀን 2003 ዓ.ም. ሆሳዕና አካባቢ በሬክተር ከ5 በላይ የሆነ መንቀጥቀጥ ነበር። ከኛ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ጅማ በደንብ ተሰማ፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ደንግጠው ከፎቅ ለመውጣት ሲጋፉና ሲዘሉ መጎዳታቸው በወቅቱ ተዘግቧል። የጎዳቸው የፈረሰ ሕንፃ አልነበረም፤ ድንጋጤ ነው። ድንጋጤው ደግሞ የመጣው ማንም "መሬት ስትንቀጠቀጥ ምን ታደርጋላችሁ" ብሎ ስላላስተማራቸው ይመስለኛል። ጠረጴዛ ሥር ግቡ፣ ራሳችሁን ሸፍኑ፣ እስኪያልፍ ያዙ፣ ከመስኮት አትዝለሉ። ይህን ለመማር አምስት ደቂቃ ይበቃል። ልጆች ያሏችሁ ዛሬ ማታ ንገሯቸው።

ትንንሾቹን መንቀጥቀጦች መስማት የሚጠቅመውም ለዚህ ነው። በሬክተር አንድ ቁጥር ወደ ታች በወረድን ቁጥር የመንቀጥቀጦቹ ብዛት ወደ 10 እጥፍ ገደማ ይጨምራል። ስለዚህ ስንጥቁ በየት እንደሚያልፍ በደንብ የሚነግሩን ሰው የማይሰማቸው ትንንሾቹ ናቸው። እነሱን ለመስማት ጸጥ ያለ ቦታ ያስፈልጋል። ጅማ በየዓመቱ እየሰፋች ነው፤ አጋሮም፣ ሊሙ ገነትም፣ ቦንጋም እየሰፉ ነው። እድገቱ ያስደስተኛል። ግን የከተማ ፕላን ስታወጡ፣ ወይም ፕላን የሚያወጣ ሰው ስታውቁ፣ ከመንገድና ከወፍጮ ራቅ ያለች አንዲት ትንሽ ድንጋያማ ቦታ ለጆሮ ይተውላት። ፉሪ የሆነውን አይተናል። የቡና ደኖቻችን አንዱ ያልተነገረ ሀብት ጸጥታቸው ነው።

የመጨረሻው ለቀድሞ ተማሪዎቼ ነው። ከናንተ ውስጥ ፊዚክስ የምታጠኑ አላችሁ፤ ኮምፒውተር ሳይንስ የጨረሳችሁና ሥራ የምትፈልጉ አላችሁ፤ ውጭ አገር ሆናችሁ ጥሩ ኢንተርኔት ያላችሁም አላችሁ። የጅማ ጣቢያ መዝገብ ክፍት ነው። የብራስልሱ ሰው ፕሮግራምም ክፍት ነው። ከ1 ኸርዝ በላይ ያለውን ለይታችሁ፣ ሐሙስን ከማክሰኞ፣ የ1993ን ታኅሣሥ ከ1994 ታኅሣሥ ጋር አነጻጽሩልኝ። እኔ በበኩሌ በዚያ ዘመን ቡና ይጭኑ የነበሩ ሹፌሮችን፣ ሚዛን ቤት የሠሩትን፣ ሂርማታ ላይ ቡና የቸረቸሩ እናቶችን እያነጋገርኩ እጽፋለሁ። እናንተ የመሬቱን ምስክርነት አምጡ፣ እኔ የሰዎቹን አመጣለሁ። ከዚያ አጠገብ ለአጠገብ አድርገን እናነባቸዋለን። መዝገቡ ምንም ካላሳየን፣ "ምንም አላሳየም" ብለን እንጽፋለን፤ ያም ውጤት ነው።

ያኔ ቡና ትጭኑ ወይም ትገዙ የነበራችሁ፣ ወይም አባትና እናታችሁ የነበሩ፣ ሐሙስ ገበያው በ1993 እና በ1994 ምን ይመስል እንደነበር በኮሜንት ጻፉልኝ። ስም መጻፍ አያስፈልግም፤ ዓመቱንና ቦታውን ብቻ ጥቀሱ። መዝገቡን ለማውረድ የሚሞክር ካለ በውስጥ መስመር ያናግረኝ።

ቸር ያሰማን።